ዋጋ ሲወርድ ፈላጊ ለምን ሸሸ? ስለ ርካሽ ስማርት ሰዓት ለሐዋሳ ነጋዴ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ የስልክና የስልክ ዕቃዎች ሱቅ አለኝ። ስማርት ሰዓት መሸጥ ስጀምር ያመጣኋቸው ሃያ ሰዓቶች በ1,500 ብር ወዲያው አለቁ። ያንኑ ዓይነት ደግሜ ሳመጣ ሽያጩ ተንቀራፈፈ። ወደ 1,200 ብር አወረድኩ፤ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። አሁን 950 ብር የሚል ወረቀት ለጥፌበታለሁ፤ ጭራሽ ጠያቂ ጠፋ። የሚጠይቁትም ዋጋውን ሲሰሙ ‹ኮፒ ነው አይደል?› ብለው ይሄዳሉ። አንዱ አከፋፋይ ከዚህም የረከሰ አለኝ ይላል፤ ሌላው 3,500 ብር የሚሸጥ አለው። የትኛውን ላምጣ? ዋጋ ሲቀንስ ፈላጊ ይጨምራል ይባል አልነበረም ወይ?»

ምላሽ፦ ከዚህም የረከሰውን አያምጡ። ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎ፤ ምክንያቱ ካልተጨበጠ ነገ በጆሮ ማዳመጫውም በፓወር ባንኩም ያው ይደገማል።

«ዋጋ ሲቀንስ ፈላጊ ይጨምራል» የሚለው ሕግ ትክክል ነው። ሆኖም የሚሠራው ሌላው ነገር ሁሉ ባለበት ከቆየ ነው። በእርስዎ ሱቅ ሌላው ነገር ባለበት አልቆየም። ቀድመው የጓጉት ሰዎች ገዝተዋል፤ ገዝተው ተጠቅመውበታል፤ ያዩትንም አውርተዋል። በዚያ ላይ እርስዎ ዋጋውን ደጋግመው ሲያወርዱ ስለ ዕቃው ለገበያው አንድ ወሬ ነግረዋል፤ ወሬውም ለዕቃው የሚበጅ አይደለም።

ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ሰዓቶች ልጀምር። ሃያ ሰዓት በአጭር ጊዜ ሲያልቅ «እንግዲህ በየወሩ ሃያ ይሸጣል» ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። እርስዎ የሸጡት ግን የአንድ ወር ፍላጎት አልነበረም፤ ለዓመታት ሲጠራቀም የኖረ ጉጉት ነው። አፕል የመጀመሪያውን ስማርት ሰዓቱን በ2015 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲያቀርብ መነሻ ዋጋው 349 ዶላር ነበር። ሰዉ ዕቃውን በቪዲዮ አየው፤ ከውጭ በመጣ ዘመድ እጅ ላይ አየው፤ ወደደው፤ ዋጋውን ሲሰማ ተወው። ፍላጎቱ ግን አልሞተም፤ ዋጋ ይጠብቅ ነበር። ዋጋውም ወረደ። ሻኦሚ በ2014 እ.ኤ.አ. ሚ ባንድ የተባለውን የእጅ ማሰሪያ በቻይና በ79 ዩዋን፣ ማለትም በ13 ዶላር ገደማ መሸጥ ሲጀምር እጅ ላይ የሚታሰር መሣሪያ የግድ የሀብታም ዕቃ እንዳልሆነ ታየ። ዛሬ በቻይናዋ ሼንዘን ከተማ ዙሪያ ያሉ ብዙ አምራቾች ቺፑንና ሶፍትዌሩን አንድ ላይ ተሰናድቶ ይገዙታል፤ የሚቀራቸው ቀፎውን መምረጥና ስም ማተም ነው። አንድ ዓይነት ሰዓት በብዙ ስም ሲሸጥ የሚያዩት ለዚህ ነው። ርካሹ ሰዓት እንደ ውዱ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር አይደለም፤ አነስተኛ ቺፕ ይዞ ከባዱን ሥራ ስልክ ላይ ለሚጫነው መተግበሪያ ይተዋል። ስለዚህ ርካሽ መሆኑ ብቻውን የማጭበርበር ማስረጃ አይሆንም። ይህን ለደንበኛዎ በግልጽ ቢነግሩት አይጎዳዎትም።

በ1,500 ብር ሲያቀርቡ ታዲያ ለምን ተቸበቸበ? እያንዳንዱ ገዢ በልቡ የያዘው የዋጋ ጣሪያ አለ። ጣሪያውን የሚወስነው የሰዓቱ ጥቅም ብቻ ቢመስለንም፣ እኔ የነጋዴዎችን የሽያጭ መዝገብ ስመረምርና ገዢዎችን ሳነጋግር የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ሰውየው ማንንም ሳያማክር ከኪሱ ሊያወጣው የሚችለው ገንዘብ መጠን ነው ወሳኙ። በኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትሠራ ወጣት የቤት ኪራይ ድርሻዋን ከከፈለች፣ ለቤተሰብም ከላከች በኋላ በእጇ የምትቀር ትንሽ ገንዘብ አለች። ተማሪው ከቤት ከሚላክለት ላይ የሚያተርፋት አለችው። ባጃጅ አሽከርካሪው ለባለንብረቱ ገቢ ካደረገ በኋላ የራሱ የሆነች ገንዘብ አለችው። የእነዚህ ሰዎች ጣሪያ የተለያየ ቢሆንም አንዱ ከሌላው ብዙ አይርቅም። ዋጋ ከዚያ መስመር በላይ ሲሆን ገዢው አንድ በአንድ ይመጣል፤ ከመስመሩ በታች ሲገባ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ይገባል። እርስዎ በ1,500 ብር ያለፉት ያንን መስመር ነው። ወደ 1,200 እና ወደ 950 ሲያወርዱ ግን ያለፉት አዲስ መስመር የለም፤ 950 ብር ሳያማክር ማውጣት የሚችለው ሰው 1,500ም ማውጣት የሚችለው ሰው ነበርና። አዲስ ገዢ አላገኙም፤ ያለውን ገዢ ግን አስጠረጠሩት።

በዚህ ላይ የሰው እጅ ሁለት፣ ሰዓት የሚታሰርበት ደግሞ አንድ ነው። ሳሙና የገዛ በሚቀጥለው ወር ይመለሳል። ሰዓት የገዛ ግን የሚመለሰው የመጀመሪያው ሲያረጅበት ወይም የተሻለ ሲያምረው ነው፤ የሚመለሰውም በመጀመሪያው ከተደሰተ ብቻ ነው። ርካሽ ዋጋ የመጀመሪያውን ግዢ ያመጣል፤ ሁለተኛውን የማምጣት ኃይል የለውም።

ይህ በእርስዎ ሱቅ ብቻ የታየ አይደለም። በሕንድ ኖይዝ፣ ፋየር ቦልትና ቦት የተባሉ የአገሩ ምርት ስሞች ስማርት ሰዓትን ከ2,000 ሩፒ በታች እስከ መሸጥ ደርሰው በ2022 እ.ኤ.አ. አገሪቱን በሚላከው ሰዓት ብዛት ከዓለም ቀዳሚ ገበያዎች ተርታ አሰለፏት። ሚሊዮኖች በሕይወታቸው የመጀመሪያ የሆነውን ስማርት ሰዓት አሰሩ። በ2024 እ.ኤ.አ. ግን ያው ገበያ በአንድ ዓመት ውስጥ 30 በመቶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ አሽቆለቆለ። ዋጋ አልተወደደም፤ እንዲያውም ረክሶ ነበር። ገበያውን የሚከታተሉ ተንታኞች ያነሱት ምክንያት ለእርስዎ እንግዳ አይሆንም፤ የገዙት አልቀየሩም፣ አዲሱ ሞዴል ከአሮጌው የሚለይበት ነገር አልታየም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከሩትም በሞከሩት አልረኩም። ያ ሁሉ የማስታወቂያ ገንዘብ የነበራቸው ኩባንያዎች ዋጋ በመቀነስ ያላዳኑትን ገበያ እርስዎ 950 ብር የሚል ወረቀት ለጥፈው አያድኑትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ደንበኛዎ ሰዓቱን ገዝቶ ከሱቅ ከወጣ በኋላ ምን ይገጥመዋል? ነጋዴው ይህን ስለማያይ ነው ፍላጎቱ የት እንደሞተ የማያውቀው።

ገዢዋ አቶቴ በሚገኝ ኪራይ ቤቷ ካርቶኑን ከፈተች እንበል። ውስጡ በእንግሊዝኛና በቻይንኛ የተጻፈ የታጠፈ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ምልክት በስልኳ ካሜራ አንስታ መተግበሪያ ማውረድ አለባት፤ ካርዷ ስላለቀ ወደ ማታ አስተላለፈችው። ማታ ስታወርደው ብሉቱዝ ክፈቺ፣ ያለሽበትን ቦታ ፍቀጂ፣ የስልክ ማውጫሽን ፍቀጂ ይላታል። ፈራች፤ ግማሹን ፈቀደች፤ ግማሹን ተወችው። ሰዓቱ ለጊዜው ተገናኘ። ጠዋት ስትነሳ ተቋርጧል፤ ምክንያቱም ብዙ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከጀርባ የሚሠራን መተግበሪያ ይዘጋሉ። ጓደኛዋ በአማርኛ መልእክት ስትልክላት ሰዓቱ ላይ የሚታየው የባዶ ሳጥኖች ሰልፍ ነው፤ ብዙዎቹ ርካሽ ሰዓቶች የግዕዝ ፊደል አልተጫነባቸውም። ሰዓቱንም ቢሆን በእኛ አቆጣጠር ሞልታው ነበር፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን አንድ ሰዓት እንዲል። ከስልኩ ጋር በተገናኘ ቁጥር ግን ወደ ሰባት ይመልሰዋል። በመጨረሻም ከካርቶኑ የወጣው በማግኔት የሚጣበቅ ቻርጀር ይጠፋባታል። የቻርጀሩ የብረት ነጥቦች ርቀት ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ የሌላው ብዙ ጊዜ አይሆንለትም፤ ለብቻውም የሚሸጥ የለም። ሰዓቱ ሳይበላሽ ሞተ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ በዋጋ ቅናሽ የሚፈታ አንድም ችግር የለም። በ1,500 ብር ከሸጡትም በ950 ከሸጡትም ያው ነው። አብዛኛውን ግን ሱቅዎ ውስጥ ሻይ እስኪፈላ በሚሆን ጊዜ ሊፈቱት ይችላሉ፤ ዋይፋይ ወይም የራስዎን ኢንተርኔት ከፍተው መተግበሪያውን ይጫኑላት፤ በስልኳ ቅንብር ውስጥ መተግበሪያው ከባትሪ ገደብ ነፃ እንዲሆን ያድርጉላት፤ የትኛውን ፈቃድ መስጠት እንዳለባትና የትኛውን መተው እንደምትችል ያሳዩአት፤ የአማርኛ መልእክት የማያነብ ከሆነ ከመክፈሏ በፊት ይንገሯት። እውነቱን ነግረዋት ከገዛች ቤቷ ስትደርስ አትከፋም። ካልነገሯት ግን ሳጥኖቹን ባየች ቁጥር የምታስታውሰው እርስዎን ነው።

ይህ በየትም ከተማ ያስፈልጋል፤ በሐዋሳ ደግሞ ይብሳል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ብዙዎቹ ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል የሚከራዩ ወጣት ሴቶች ናቸው። በአንድ ፈረቃ ይወጣሉ፤ በአንድ አውቶቡስ ይሳፈራሉ። በዩኒቨርሲቲውም ተማሪው በአንድ መኝታ ክፍል ብዙ ሆኖ ያድራል። እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ሰዓት ሲሸጡ ለአንድ ሰው አልሸጡም። የመጀመሪያዋ ገዢ ክፍሉ ውስጥ ላሉት ሁሉ ታሳያለች፤ ሁሉም ያስሩታል፤ እርምጃቸውን ይቆጥሩበታል። ከሳምንታት በኋላ ስክሪኑ ሲጠፋም ሁሉም ያያሉ። ሃያዎቹ የመጀመሪያ ሰዓቶች ለሁለተኛው ዙር ማስታወቂያ ሠሪዎች ነበሩ፤ ምን እንዳወሩ ከሁለተኛው ዙር ሽያጭዎ መረዳት ይቻላል። ስልካቸውን የሚያውቁ ከሆነ ደውለው ቢጠይቋቸው እኔ ከምነግርዎ በላይ ይነግሩዎታል።

«ኮፒ ነው አይደል?» ወደሚለው ጥያቄ ልመለስ። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ አንድ ነገር አሳየ፤ በኋላም በ2001 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ። ሐሳቡ ይህ ነው። ሻጩ የዕቃውን ውስጥ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የመጥፎውን ዋጋ ብቻ ለመክፈል ይነሳል። ያን ጊዜ ጥሩ ዕቃ ያለው ሻጭ አያዋጣኝም ብሎ ከገበያ ይወጣል፤ የሚቀረው መጥፎው ይሆናል፤ የገዢውም ጥርጣሬ እውነት ሆኖ ይገኛል። የርካሽ ስማርት ሰዓት ገበያ ለዚህ የተሠራ ያህል ነው። ቀፎው የአፕልን አልትራ ሰዓት ይመስላል፤ ስክሪኑ ሱቅ ውስጥ ያበራል፤ ባትሪውና ሴንሰሩ ግን አይታዩም። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ እዚህ ግን ዓይን የሚያየው ቀፎ ብቻ ነው። ስለዚህ ገዢው ሊያነበው የሚችል አንድ ምልክት ይቀረዋል፤ ዋጋው። ባለፈው 1,500 የተባለው ዛሬ 950 ሲባል «ረከሰልኝ» አይልም፤ «ምን አግኝተውበት ነው?» ይላል። ጥቂቱ ደግሞ «ሌላ ወር ብጠብቅ 700 ይገባል» ብሎ ይጠብቃል። በ1,500 የገዛው ደንበኛዎም ወረቀቱን አይቶ እንደተበላ ይቆጥረዋል፤ ይህን ሰው ደግሞ ለፓወር ባንክም አያገኙትም።

ቅናሽ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። እኛ አገር ገዢ ተደራድሮ መግዛት ይወዳል። 1,500 ብለው ጠርተው በጭቅጭቅ 1,400 ሲያደርሱለት በራሱ ጉብዝና ያገኘው ስለሚመስለው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ለጓደኛውም «1,500 ነው የሚለው፤ ግን ይቀንሳል» ብሎ ይነግርልዎታል። የዕቃው ስም አልወረደም። ሳይጠየቁ የለጠፉት ቅናሽ ግን ለሚያልፈው ሁሉ የሚነግረው ዕቃው እንዳልሄደልዎ ነው። ያንን ወረቀት ዛሬውኑ ያንሱት።

ስለ ሁለተኛው ዙር ዕቃዎ ሌላም የምጠረጥረው ነገር አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሒሳቡን ይመልከቱት፤ 1,500 ብር በ57 ሲሰላ 26 ዶላር ነበር፤ በ120 ሲሰላ 12 ዶላር ተኩል ነው። አስመጪው የሐዋሳም የአዳማም ገዢ ከተወሰነ ብር በላይ እንደማያወጣ ያውቃል። ስለዚህ በብር ያለውን ዋጋ ሳይነካ ውስጡን ይቀንሳል፤ ቀፎው ያው፣ ካርቶኑ ያው፤ ባትሪው ያነሰ፣ ስክሪኑ የደበዘዘ፣ ማሰሪያው የደረቀ። ገዢ ዝቅተኛ ዋጋን አጥብቆ ሲፈልግ አቅራቢው ዋጋውን ይሰጠዋል፤ የሚቆረጠው ከማይታየው ነው። አንድ ሰዓት ከመጀመሪያው ዙር ከገዛ ሰው ተውሰው ከአሁኑ ጎን ያስቀምጡት። ሁለቱንም ቻርጅ ሞልተው ማታ ያስሯቸው፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚጠፋ፣ ሐዋሳ ቀትር ላይ ፀሐይ ስር የትኛው ስክሪን እንደሚነበብ ይዩ። ልዩነት ካገኙ ሽያጩ ለምን እንደቀዘቀዘ መልሱ ግማሹ እጅዎ ላይ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የመግዣ ዋጋዎን ስላልነገሩኝ ለምሳሌ 1,000 ብር ነው ልበል። ሃያውን በ1,500 ቢሸጡ 10,000 ብር ያተርፋሉ። በ1,200 ቢሸጡ 4,000 ብር። በ950 ኪሳራ ነው። የ300 ብሩ ቅናሽ ከሃያው ሰዓት 6,000 ብር ወሰደብዎት ማለት ነው። አሁን ደግሞ ዋጋውን ሳይነኩ «በአንድ ወር ውስጥ ሰዓቱ ቢቆም በአዲስ እቀይራለሁ» ብለው በደረሰኙ ላይ ጽፈው ማኅተም ቢያደርጉበትስ? ከሃያው ሦስቱ ቢመለሱ 3,000 ብር ያወጣሉ፤ 7,000 ብር ይቀርዎታል። ለገዢ የሚቀርበው ስጦታ ሁለቱም ጋ አለ፤ አንዱ 300 ብር ይሰጠዋል፤ ሌላው ፍርሃቱን ያነሳለታል። ፍርሃት በነገሠበት ገበያ የሚሸጠው ሁለተኛው ነው። ከሃያው ሰባትና ስምንት የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ያ ዕቃ በየትኛውም ዋጋ መሸጥ የሌለበት ነው፤ ይህንንም ዋስትና ሳይሰጡ አያውቁትም ነበር።

የ3,500 ብሩን በጥቂቱ ያምጡት እላለሁ፤ አምስት ስድስት ይበቃል። በዚህ ዋጋ ገዢው ሳያማክር አይገዛም፤ አይቶ ይሄዳል፤ ደመወዝ ሲወጣ ወይም ዕቁብ ሲደርሰው ይመለሳል። «ጠይቆ ሄደ» ብለው ዋጋ ለመቀነስ አይቸኩሉ። ጠይቆ የሄደውን ስልኩን ተቀብለው ያስቀምጡ፤ እሱ ቸኩሎ የመጣ ገዢ አይደለም፤ አስቦበት የሚገዛ ስለሆነ ከገዛም አያማርርም። የ3,500 ብሩ መኖር ሌላም ሥራ ይሠራል። አሁን መደርደሪያዎ ላይ 1,500 ብሩ ብቻውን ስለሆነ ገዢ የሚያወዳድረው ሰፈር ውስጥ ከሰማው የረከሰ ዋጋ ጋር ነው። ከጎኑ የተሻለ ሲቀመጥ «ይኼ ለምን 3,500 ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ልዩነቱን ሲያስረዱት ስለ ሁለቱም ይማራል፤ 1,500 ብሩም ውሸታም ሰዓት መሆኑ ቀርቶ ዝቅተኛው ሰዓት ይሆናል። ይህ ግን የሚሠራው በእውነት ልዩነት ካለ ነው። ኦራይሞን፣ ሻኦሚን ወይም አማዝፊትን የመሰለ ባለቤቱ የሚታወቅ ስም መሆኑን፣ መተግበሪያው በቅርቡ የታደሰ መሆኑን፣ ቀትር ላይ ስክሪኑ መነበቡን፣ ዋስትናውን የሚያከብር አካል አገር ውስጥ መኖሩን አረጋግጠው ይውሰዱ። የታዋቂ ስም የተለጠፈበት ኮፒ በ3,500 ብር ከመሸጥ በ1,500 ስም የለሹን መሸጥ በብዙ ይሻላል፤ ያኛው በንግድ ምልክት ሕግም ያስጠይቃል።

አንድ ነገር ላይ ግን አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ርካሽ ሰዓት ሲበዛ ሻጮች የሚፎካከሩት በዋጋ ብቻ አይደለም፤ በተስፋም ነው። «ግፊት ይለካል»፣ «ስኳር ይለካል» እየተባለ ለእናቶችና ለአባቶች ሲሸጥ አያለሁ፤ ያንገበግበኛል። እነዚህ ሰዓቶች ከሥራቸው አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልካሉ፤ ደም በተመታ ቁጥር የሚመለሰው ብርሃን ስለሚለዋወጥ ከዚያ የልብ ምት ይገምታሉ። ምቱን ለመገመት ይጠቅማል። የደም ግፊትን ግን ክንድ ላይ ታስሮ አየር እየተነፋ እንደሚለካው መሣሪያ አይለኩም፤ በርካሾቹ ላይ የሚወጣው ቁጥር ከምቱ ተነስቶ የተሰላ ግምት ነው። ስኳርን በተመለከተ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. በግልጽ አስጠንቅቋል፤ ቆዳ ሳይበሳ በራሱ ስኳር ይለካል ተብሎ ፈቃድ የሰጠው ምንም ዓይነት ስማርት ሰዓትም ሆነ ቀለበት የለም። ሰዓቱ ያሳየውን ቁጥር አምኖ ኢንሱሊን የጨመረ ወይም የተወ ሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሰዓቱን በተጠቀለለ ሶፍት ላይ አስረው ልብ ምት እንዲለካ ይዘዙት። አንዳንዱ ምንም አያሳይም፤ አንዳንዱ ግን ሰባ ምናምን ብሎ ቁጥር ይሰጣል። ከታወቁ ስሞች ውስጥም እንዲህ የሚያደርግ አለ፤ ብርሃን የሚመልስ ነገር ሁሉ ሊያሳስተው ይችላልና። ሶፍት ላይ የልብ ምት ያገኘ መሣሪያ በአባትዎ ክንድ ላይ የሚያሳየውን ቁጥር ምን ያህል ሊያምኑት እንደሚገባ ያስቡት።

ይህ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የፍላጎት ጉዳይም ነው። «ግፊት ይለካል» ተብሎ የተሸጠለት አባት ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ነርሷ ሌላ ቁጥር ትነግረዋለች። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ስለ ምንም ነገር ቢናገር አይታመንም፤ የሸጠውም ሰው እንዲሁ። «ሰዓት ነው፤ እርምጃ ይቆጥራል፤ ጥሪ ሲመጣ ይነግርዎታል፤ ለሕክምና አይሆንም» ብለው ሲሸጡለት ግን የተናገሩት ሁሉ እውነት ሆኖ ያገኘዋል። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተደንግጓል፤ እርስዎም እንደ ነጋዴ ሊጠብቁት ይገባል።

ስለ ወቅት ትንሽ ልበል። ሰዓት ለራስ ብቻ አይገዛም፤ ስጦታ ነው። የስጦታ ገዢ ደግሞ ዋጋ ሲቀንስ ብዙ አይጨምርም፤ እንዲያውም ርካሽ ስጦታ ይዞ መታየት አይፈልግም። እሱ የሚያየው ካርቶኑን፣ ቀለሙን፣ ሲከፈት የሚያበራበትን ሁኔታ ነው። የተማሪዎች ምረቃ ሲደርስ፣ የሐምሌ ገብርኤል ምእመን ከየአገሩ ሐዋሳን ሲሞላት፣ ፍቼ ጨምበላላ ሲቃረብ፣ የሲዳማ ቡና ከጥቅምት እስከ ጥር ተለቅሞ ገንዘብ ወደ ገጠሩ ሲገባ ዋጋ አይንኩ። ዕቃውን የሚያምር መጠቅለያ ውስጥ ያስገቡት፤ ተጨማሪ ማሰሪያ ያክሉበት፤ ስጦታ ሰጪው ያኔ ይገዛል። ቅናሽ ከፈለጉም ገበያው በቀዘቀዘባቸው ወራት፣ ከሌላ ዕቃ ጋር በማጣመር ያድርጉት።

መደርደሪያ ላይ የቀሩትን 950 ብሮቹን በተመለከተ፣ ዋጋቸውን መልሰው ወደ 1,500 አይስቀሉ፤ ያየው ሰው ብዙ ነው። ከመደርደሪያው ያውርዷቸው፤ ቻርጅ አድርገው አንድ በአንድ ይፈትሹ፤ የሞተውን ያስወግዱ። የሚሠራውን ከጆሮ ማዳመጫ ጋር አጣምረው በአንድ ዋጋ ይሽጡት፤ ሰዓቱ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ እየነገሩ። አዲሱን ዙር ሲያዙ ደግሞ ሃያ አይሁን፤ ስምንት ዘጠኝ ያምጡና ከጎኑ ደብተር ያስቀምጡ። የገዛው ማን እንደሆነ ሳይሆን ሳይገዛ የሄደው ከመሄዱ በፊት የጠየቀው የመጨረሻ ጥያቄ ምን እንደሆነ ይጻፉ። «ስንት ነው?» ብሎ የሄደ ዋጋው ከጣሪያው በላይ ሆኖበታል። «ቢበላሽስ?» ብሎ የሄደ ዋስትና ፈልጎ ነበር። «ኦርጅናል ነው?» ያለው ደግሞ የሚያምነው ሻጭ እየፈለገ ነው። ከእነዚህ መካከል ዋጋ በመቀነስ የሚመለሰው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ እሱም በጻፉልኝ ሁኔታ ብዙ አይመስለኝም።

ለ3,500 ብሩ አከፋፋይ ገንዘብ ከመስጠትዎ በፊት ቻርጀሩን ለብቻው ሊሸጥልዎ ይችል እንደሆነ ይጠይቁት። ይችላል ከተባሉ ከሰዓቱ ጋር አንድ ሁለት ትርፍ ቻርጀር አብረው ይግዙ፤ አይቻልም ካለዎት ሌላ አከፋፋይ ይፈልጉ።